ጉድጓድ ውስጥ የገባን ነዳጅ ባክቴሪያ ይበላዋል?

ጥያቄው፦ «አዳማ ነው የምንኖረው። ግቢያችን ውስጥ ለብዙ ዓመት የተጠቀምንበት የእጅ ጉድጓድ አለ። ከእኛ ከፍ ብሎ ነዳጅ ማደያና የከባድ መኪና ጋራዥ አሉ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ባልዲ ውስጥ ሲያድር ደግሞ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተዋል። አንድ ሰው ‹ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ ነው› ብሎ ዱቄት ሊሸጥልን መጥቷል፤ ፍሎራይዱንም አብሮ ያጠፋል ይላል። እውነት ነው? ብንተወውስ በራሱ ይጸዳል? ከግቢው በታች ያለው የጎርፍ ቦይ ደለልም ጠቁሮ ይሸታል፤ እሱስ?»

ምላሽ፦

ወደ ማብራሪያው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ውሃውን ከዛሬ ጀምሮ ለመጠጥም ለምግብም አይጠቀሙበት፤ ልጆችም ገላቸውን አይታጠቡበት። ማፍላት አይረዳም። ነዳጅ ውስጥ ያሉት ቀላል ኬሚካሎች በቶሎ ስለሚተኑ ውሃውን ሲያፈሉት ወደ ወጥ ቤቱ አየር ይወጣሉ፤ ቤተሰቡም ይተነፍሳቸዋል። ውሃ አጋርም ሆነ ሌላ ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅ አያስወግድም። ከሁሉም በላይ ግን «ወርጄ ላጽዳው» የሚል ሰው ቢመጣ አይፍቀዱለት። ነዳጅ የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ተኖ የተጠራቀመው ጋዝ ሰውን በደቂቃዎች ያስታል፤ ኦክስጅኑም ያንሳል፤ የፓምፕ ወይም የሲጋራ ብልጭታ ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። አንዱ ወድቆ ሌላው ሊያወጣው ሲገባ ሁለቱም የሚሞቱት በእንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ነው።

አሁን ወደ ሻጩ። ከተናገረው ውስጥ እውነት የሆነው ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች መኖራቸው ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እነሱን መግዛት ያስፈልጋል ሲል ነው።

ቤንዚንና ናፍጣ በአብዛኛው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ናቸው፤ ለባክቴሪያ ይህ ምግብ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከሞቱ ፍጥረታት የተገኘ ነገር ስለሆነ፣ የተፈጥሮ ዘይት ከምድር እየሰረገ በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ሲበሉት ኖረዋል። ባክቴሪያው ሞለኪዩሉን ሰብሮ ጉልበት ያገኝበታል፣ ከካርቦኑ ከፊሉን ሰውነቱን ይሠራበታል፣ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ባክቴሪያ የማይገኝበት አፈር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ነዳጅ በፈሰሰበት ቦታ ደግሞ ቁጥራቸው በአጭር ጊዜ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ የእርስዎ ጉድጓድ ዙሪያ እነሱ ከሰውየው ቀድመው ደርሰዋል። ዱቄቱን መጨመር እርሾ ባልጎደለው ሊጥ ላይ ሌላ እርሾ እንደማከል ነው።

ይህ የግል ግምቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ዘይት ስታፈስ፣ የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ማዳበሪያ የተረጨበት የባሕር ዳርቻ ላይ የነበሩት የአካባቢው ባክቴሪያዎች ሥራቸውን አፋጥነዋል። በዚያው የተሞከሩት ለገበያ የቀረቡ የባክቴሪያ ምርቶች ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጡም። ከዚህ ላይ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ቤተሰብ በሚጠጣው ጉድጓድ ውስጥ መጨመር በራሱ ሌላ ብክለት ነው። አይግዙት።

እንግዲህ ባክቴሪያው ካለ ለምን ውሃው ይሸታል? ምክንያቱም ምግብ ብቻውን አይበቃም። እኛ እንጀራ በልተን ለመኖር አየር መተንፈስ እንዳለብን ሁሉ እነሱም ከምግቡ ጋር የሚተነፍሱት ነገር ያስፈልጋቸዋል። በቀላሉ የሚሆንላቸው ኦክስጅን ነው፤ ከርሰ ምድር ውስጥ ግን ኦክስጅን ጥቂት ነው። ሂሳቡን እንሥራው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ኦክስጅን እስኪበቃው የጠጣ አንድ ሊትር ውሃ እንኳ የሚይዘው ከ7 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። አንድ ሚሊ ግራም ቤንዝን (በቤንዚን ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች ለጤና በጣም የሚያሰጋው፣ የደም ካንሰር የሚያመጣው ማለቴ ነው) ሙሉ በሙሉ ለማቃጠል 3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃል። እንግዲህ በአንድ ሊትር ውሃ ያለው ኦክስጅን ከሁለት ሚሊ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ቤንዝን አስበልቶ ያልቃል። ነዳጅ የተንሳፈፈበት ውሃ ግን በሊትር በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ቤንዝን ሊሟሟበት ይችላል፤ የቤንዝን ዘመድ የሆኑት ቶሉዊንና ዛይሊንም አብረው አሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑ መጀመሪያ ላይ ያልቃል፣ ነዳጁ ግን ይተርፋል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነው። ኦክስጅን ሲያልቅ ሥራው አይቆምም፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይረከቡታል። መጀመሪያ ናይትሬት የሚተነፍሱት፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝ፣ ከዚያ ድንጋይና አፈር ውስጥ ያለውን የብረት ዝገት፣ ከዚያ ሰልፌት (ድኝ ያለበት ጨው)፤ ሁሉም ሲያልቅ ሜቴን ጋዝ የሚያወጡት ይመጣሉ። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ከአንድ ጉርሻ የሚገኘው ጉልበት እያነሰ፣ ሥራውም እየዘገመ ይሄዳል።

ባልዲው ውስጥ ያዩት ቀላ ያለ ዝቃጭም ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው። ብረት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ዝገቱን ሲጠቀሙበት ብረቱ ወደሚሟሟ ዓይነት ይለወጣል። ከጉድጓድ ሲቀዳ ውሃው ጥርት ያለ ይመስላል፤ ባልዲ ውስጥ አየር ሲያገኝ ብረቱ መልሶ ዝጎ ይዘቅጣል። የዛገ ቧንቧ ወይም ፓምፕም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያሳይ በዚህ ብቻ መወሰን አይቻልም፤ ግን ሽታውና ዝቃጩ በአንድ ወቅት መጀመራቸው ይህንን ያስጠረጥራል። አንድ ቀን ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ቢመጣ ሰልፌት የሚተነፍሱት ተራ ደርሷል ማለት ነው።

ብረት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ነዳጅ እንደሚበሉ የታወቀው ከጥቂት አሥርተ ዓመታት ወዲህ ነው። የባክቴሪያ ተመራማሪው ዴሬክ ላቭሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ካለው ከፖቶማክ ወንዝ ደለል ውስጥ ያወጡትን፣ በኋላ ጂኦባክተር የተባለውን ባክቴሪያ አስተዋወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላም ባክቴሪያው ኦክስጅን በሌለበት ብረትን እየተነፈሰ እንደ ቶሉዊን ያሉ የነዳጅ ኬሚካሎችን እንደሚያፈርስ አሳዩ። ከወንዝ ደለል የተገኘ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፤ ስለ ቦይዎ ስናወራ እመለስበታለሁ።

«ብንተወውስ?» ላሉት፣ በዓለም ላይ ረጅም ጊዜ ከተጠኑት ቦታዎች አንዱን ልንገርዎ። አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ግዛት ውስጥ ቤሚጂ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 የድፍድፍ ዘይት ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ፈሰሰ። አብዛኛው ተነሣ፤ መቶ ሺዎች ሊትር ግን መሬት ውስጥ ቀረ። ተመራማሪዎች ቦታውን እንደ ተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ለአሥርተ ዓመታት ተከታተሉት። እ.ኤ.አ. እስከ 1996 የከርሰ ምድሩ ውሃ 500 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ የተበከለው ክፍል ጫፍ የደረሰው 200 ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ልዩነቱን በዋናነት ያመጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ግን ሌላውንም ይዩልኝ፦ ዘይቱ ራሱ አሁንም እዚያው አለ። ባክቴሪያ ብክለቱን አጠረው፣ ፍጥነቱን ገታው፤ ምንጩን ግን በጥቂት ዓመት ጨርሶ አላጠፋውም። ያውም ፍሰቱ በቆመበት ቦታ።

የእርስዎ ቤት ጥያቄ ታዲያ ይህ ነው፦ ላይ ያለው ታንከር አሁንም እያፈሰሰ ነው ወይስ አቁሟል? እያፈሰሰ ከሆነ ባክቴሪያ የሚሠራው ሥራ የትም አይደርስም። ይህ አዳማ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ ነዳጅ የሚጭኑት ቦቴዎች የሚያልፉት፣ የሚያድሩትና የሚጠገኑት በዚህች ከተማ ነው፤ ማደያውና ጋራዡም የበዛው ለዚህ ነው። ተቀብሮ የኖረ የብረት ታንከር ይዝጋል። የተቃጠለ ዘይት ጓሮ የሚደፋ ጋራዥም ከማደያው የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል።

አዳማ ስለቆመችበት መሬት ደግሞ ከሚኔሶታ የሚለየን ነገር አለ። የቤሚጂው በበረዶ ግግር የተከመረ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ውሃው በአሸዋው መሐል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ባክቴሪያውና ነዳጁ ለመገናኘት ጊዜ አላቸው። የእኛ የስምጥ ሸለቆ መሬት ኢግኒምብራይት (ከትኩስ የእሳተ ገሞራ አመድ የጠጠረ ድንጋይ)፣ ባዛልት፣ አመድና ፐሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ በመካከሉም የጥንት ሐይቅ ደለል ነው። ደለሉና አመዱ ውስጥ ውሃው ይዘገያል፣ ባክቴሪያውም ይሠራል። የተሰነጠቀ ድንጋይ ካገኘ ግን ውሃው በስንጥቁ በፍጥነት ይነጉዳል፤ ከድንጋዩ ጋር የሚነካካው ጥቂት ስለሆነ ባክቴሪያው ሳይደርስበት ያልፋል። የሚጠቅመን ሙቀቱ ነው፦ የከርሰ ምድር ውሃችን ከሚኔሶታው በጣም ይሞቃል፣ ባክቴሪያም በሙቀት ይፈጥናል። ሁለቱ ተደምረው ምን ያህል ርቀት ላይ ብክለቱ እንደሚቆም ሳይለካ የሚነግርዎ ሰው ቢያጋጥምዎ አይመኑት፤ እኔንም ጨምሮ።

ሽታንም መለኪያ አያድርጉ። ኦክስጅን በሌለበት ቶሉዊን ቶሎ ይበላል፣ ቤንዝን ግን ግትር ነው፤ ሌሎቹ ካለቁ በኋላም ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዝን ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። አፍንጫችን ውሃ ውስጥ ያለን ቤንዝን የሚያውቀው ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ «ሽታው ጠፍቷል» ማለት «ይጠጣል» ማለት አይደለም።

ፍሎራይዱ ላይ የሻጩ ወሬ ፍጹም ሐሰት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን ይያዙልኝ። ባክቴሪያ የሚያፈርሰው ሞለኪዩልን ነው። ፍሎራይድ የሚፈርስ ነገር የለውም፤ አንድ ንጥረ ነገር ነው። ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው ወደ ውሃችን የሚገባው፤ ማንም አልበከለውም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ጣሪያ ከሆነው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በእጅጉ ይበልጣል። ጎረቤታችን ወንጂ ላይ ጥርስ ከማበላሸት አልፎ አጥንት እስከማጉበጥ መድረሱን ብዙ የሸንኮራ እርሻው ሠራተኞች በሰውነታቸው ያውቁታል። ፍሎራይድን የሚቀንሰው በከብት አጥንት ከሰል ማጣራት፣ ወይም በአልም (አልሙኒየም ሰልፌት) እና በኖራ ማዝቀጥ፣ ወይም ሌላ ውሃ መጠቀም ነው። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ በዚህ በኩል ከጉድጓድዎ ይሻላል። ውሃው በፈረቃ መምጣቱን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በሮቶ አጠራቅሞ እሱን መጠጣት ነው የምመክርዎ።

እርሳስም፣ ካድሚየምም፣ ክሮሚየምም እንደ ፍሎራይዱ አይፈርሱም። ባክቴሪያ የሚችለው ዓይነታቸውን መለወጥ ነው፤ አንዳንዴ ለእኛ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ይጎዳል። ለምሳሌ መርዛማውንና ከውሃ ጋር የሚጓዘውን ስድስተኛ ዓይነት ክሮሚየም ወደ ሦስተኛው ዓይነት ሲለውጡት ደለል ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አርሴኒክ ላይ ግን ተቃራኒው ይሆናል። አርሴኒክ ዝገት ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ብረት የሚተነፍሱት ባክቴሪያዎች ዝገቱን ሲያሟሙት አርሴኒኩ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። ቤሚጂ ላይም ይህ ታይቷል። ነዳጁን የሚያጸዳልን ሥራ ራሱ ሌላ መርዝ ሊያስነሣ ይችላል ማለት ነው። የቀይ ዝቃጩን ነገር ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ ይህ ስለሆነ ሲያስመረምሩ አርሴኒክና ማንጋኒዝ እንዳይቀሩ።

ስለ ጋራዡም አንድ ነገር። የሞተር ክፍሎችን ከግራሶ ለማጽዳት ክሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች ከተጠቀመ ጉዳዩ ይለያል። ኦክስጅን በሌለበት ባክቴሪያዎች ክሎሪኑን አንድ በአንድ ያወልቁታል፤ መንገድ ላይ ግን ቪኒል ክሎራይድ የሚባል ካንሰር አምጪ ኬሚካል ይፈጠራል። ይህንን እስከ መጨረሻው፣ ጉዳት እስከሌለው ኢቲን (ኤቲሊን) ድረስ የሚያደርሱት ደሃሎኮኮይድስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እንደ ነዳጅ በሎቹ በየቦታው አይገኙም። ባክቴሪያ ከውጭ አምጥቶ መጨመር በትክክል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ እሱም በባለሙያ ክትትል እንጂ በዱቄት ነጋዴ አይደለም።

ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ያስመርምሩ። ናሙናውን በሃይላንድ ጠርሙስ አይውሰዱ፤ ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ይመጥጣል፣ በላዩ የቀረው አየርም ያስተነዋል። ቤተ ሙከራው በሚሰጥዎ የመስታወት ጠርሙስ፣ አረፋ ሳይቀር እስከ አፉ ሞልቶ፣ በበረዶ ይዞ በፍጥነት ማድረስ ነው። ከቤንዝንና ከጓደኞቹ ሌላ የሚሟሟ ኦክስጅን፣ ናይትሬት፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ሰልፌት፣ አርሴኒክና ፍሎራይድ ያስለኩ። ናይትሬት ለሌላም ይጠቅምዎታል፦ በየግቢው የመጸዳጃ ጉድጓድ ባለበት ከተማ ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ሆኖ ከተገኘ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ኦክስጅንና ናይትሬት ከጎረቤት ንጹሕ ጉድጓድ አንሰው፣ ብረት ደግሞ በዝቶ ከተገኘ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለዚህ ነው ጎረቤቶችን ማስተባበር የሚያስፈልገው፤ ከአንድ ጉድጓድ ቁጥር የብክለቱን አቅጣጫ ማወቅ አይቻልም። ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ፣ በክረምትና በበጋ ይለካ።

ውጤቱን ይዘው ወደ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገብተው ቁጥር ይቀበሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ያስገድዳል። የሚጠይቁትም ሁለት ነገር ይሁን፦ የማደያው ታንከሮች በግፊት ይፈተሹ፤ በየቀኑ በመለኪያ ዘንግ የሚመዘገበው መጠን ከሽያጩ ጋር ይመሳከር። ፍሳሹ ካልተዘጋ፣ ውሃው ላይ የተንሳፈፈው ነዳጅ ካልተቀዳና የራሰው አፈር ካልተነሣ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። እነዚህ ከተደረጉ በኋላ ነው ባክቴሪያን ማገዝ ትርጉም የሚኖረው፤ አየር በቧንቧ ወደ መሬት በመንፋት፣ እንደ አስፈላጊነቱም ማዳበሪያ በመጨመር። አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት ሃናሃን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1975 ከወታደራዊ ማከማቻ 300,000 ሊትር ያህል የአውሮፕላን ነዳጅ ፈሶ ወደ መኖሪያ ሰፈር ደርሶ ነበር። ማዳበሪያ ወደ መሬቱ እየሰረገ፣ የተበከለው ውሃ እየተቀዳ እ.ኤ.አ. እስከ 1993 መጨረሻ በሰፈሩ የነበረው ብክለት በ75 በመቶ ቀንሷል። ይቻላል ማለት ነው፤ ግን በዓመታት የሚለካ ሥራ ነው።

የቦይዎ ደለል ጥቁረት የመጣው ምናልባት ሰልፌት የሚተነፍሱት ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ጋዝ ከብረት ጋር ሲዋሐድ ነው። መልኩ ያስጠላል፤ ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ደለል ትልቅ አጣሪ ነው፤ ቅድም ያነሣሁት ጂኦባክተርም የተገኘው ከወንዝ ደለል ነው። ከላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ኦክስጅን አለ፣ ከሥሩ ብረት፣ ከዚያ ሰልፌት፤ እነዚያ ጉድጓድዎ ዙሪያ በብዙ ሜትር የተዘረጉት ባክቴሪያዎች እዚህ በአንድ ስንዝር ውስጥ ተደራርበው ይኖራሉ። ከመሬት ወደ ወንዝ የሚወጣ የተበከለ ውሃ ይህንን ንጣፍ ቀስ ብሎ ካለፈ ብዙው ብክለት ወንዙ ሳይደርስ ይቀራል። የእኛ ችግር ጎርፉ ነው። ክረምት ላይ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ ደለሉን ጠራርጎ ስለሚወስደው ሥራው ሳያልቅ ብክለቱ ወደ ታች ይሄዳል።

ስለዚህ ቀበሌው ቦዩን ሲያስጠርግ ደለሉ ወዴት እንደሚጣል ይጠይቁ። ጥቁሩ ደለል እርሳስና ካድሚየምን አጥብቆ የሚይዘው አየር እስካላገኘው ድረስ ነው። አውጥተው ዳር ላይ ሲከምሩት በአየርና በዝናብ ይለወጥና የያዘውን ብረታ ብረት ይለቃል። «ለም አፈር ነው» ተብሎ ወደ ጎመንና ሰላጣ መደብ እንዳይገባ፤ በመኪና ተጭኖ ከመኖሪያና ከእርሻ ወደራቀ ቦታ ይሂድ።